ጋሽ አትነቃነቁ እና ፈጣኑ ሌንስ

ዛሬም ቢሆን ኮምጣጤ በሸተተኝ ቁጥር እጄ ሳላዝዘው እርሳስ ይፈልጋል። ፎቶ የሚታጠብበት ጨለማ ክፍል ሽታው እንደዚያ ነበር፤ ኮምጣጤ ከእርጥብ ወረቀት ጋር ሲገናኝ የሚሰጠው፣ አፍንጫን ቆንጠጥ አድርጎ የሚለቅ ሽታ። እኔ ከዚያ ክፍል በር አጠገብ፣ በአንዲት ጠባብ ጠረጴዛ ላይ ከሃያ አራት ዓመት በላይ ተቀምጫለሁ። ሥራዬ የሰው ፊት ማረም ነበር። በቀጭን እርሳስና ሦስት ፀጉር በቀረው ብሩሽ ጠባሳ አጠፋለሁ፣ ያላበጠረውን አበጥራለሁ፣ የጨፈነውን ዓይን እከፍታለሁ። የስቱዲዮው ባለቤት የታላቅ እህቴ ባል ነበሩ። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፤ ሰፈሩ ግን ጋሽ አትነቃነቁ ይላቸዋል።

ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣላቸውም። ሰው ከካሜራቸው ፊት ከተቀመጠበት ደቂቃ አንሥቶ ከአፋቸው የማትጠፋ ቃል ይህችው ነበረች። አንድ ጊዜ አንድ ተጫዋች ደንበኛ፣ «ጋሼ፣ የሚነቃነቀው እኮ ወንበርዎ ነው» አላቸው። ወንበሩን ገልብጠው ቢያዩት አንዱ እግሩ አጥሮ ተገኘ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለወንበሩ የታጠፈ ካርቶን ተደረገለት፤ «አትነቃነቁ» ግን አልቀረም።

ረዥምና ቀጭን፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን የሚያለዝቡ፣ ሲቆጡ እንኳ ይቅርታ የሚጠይቁ የሚመስሉ ሰው ነበሩ። የደንበኛ ማበጠሪያ በሲባጎ ከመስታወቱ ጋር ታስሮ ይንጠለጠላል፤ «ማበጠሪያ እግር አለው» ይላሉ። ከበሩ ጀርባ ባለው ምስማር ላይ ደግሞ ኮት ለሌለው ደንበኛ የሚያውሱት አንድ ጥቁር ኮት ተሰቅሎ ይኖራል። ግማሹ ሰፈር በመታወቂያው ላይ የለበሰው ያንኑ አንድ ኮት ነው። ቀጭኑም ወፍራሙም ለብሶታል፤ ለወፍራሙ ከጀርባ ይተረተርለታል፣ ለቀጭኑ በመርፌ ቁልፍ ይያዝለታል።

እህቴን ያገኟት በዚያው ወንበር ላይ ነው። እትዬ የመታወቂያ ፎቶ ልትነሣ ሄደች። ፍላሹ ቦግ ሲል ጨፈነች። ይቅርታ ጠይቀው ደገሙ፤ ጨፈነች። «እስከ ሦስት እቆጥራለሁ» አሉ፤ ሁለት ላይ ጨፈነች። በአራተኛው ሳይነግሯት አነሷት፤ በምን እንዳወቀች እንጃ፣ ጨፈነች።

«እመቤት፣ እኔን ላለማየት ነው?» ቢሏት፣

«እርስዎን ካላየሁ ፎቶው የሚያምር መስሎኝ ነው» አለቻቸው።

አራቱንም ፎቶ ለራሳቸው አስቀሩት። በመታወቂያዋ ላይ ያለውን ዓይን የሳሉት ራሳቸው ናቸው፤ ሥዕል ስለማይሆንላቸው እትዬ ቤቷ ሌባ የገባባት ሰው መስላ ወጣች። በዓመቱ ተጋቡ። በሠርጋቸው ፎቶም ላይ ጨፈነች። ያኔ ገና ተማሪ ነበርኩ፤ እጄ ለሥዕል ይታዘዛል ተብሎ እርሳሱ ለእኔ ተሰጠኝ። እትዬን አጠገቤ አስቀምጬ፣ ዓይኗን ዓይኗን እያየሁ ሣልኩላት። ጋሼ ፎቶውን ወደ መስኮቱ ወስደው ብዙ ካዩት በኋላ፣ «እርሳሴ» ብለው ጠሩኝ። ስሜም ሥራዬም በዚያው ጸና።

በፀሐይ ብትነሣስ ትሉ ይሆናል። በፀሐይ ዓይኗ ያለቅሳል። እንዲህ እንዲህ እያለ ሃያ አራት ዓመት ኖሩ፤ ልጅ አልወለዱም፤ በቤታቸው ግድግዳ ላይ ያሉት የእትዬ ፎቶዎች ወይ የጨፈኑ ናቸው፣ ወይ እኔ የከፈትኳቸው። እሷም፣ «እንግዳ መጥቶ ‹ዓይንሽ እንዴት ያምራል› ሲለኝ ምስጋናውን ለአንቺ አስተላልፋለሁ» እያለች ትስቅብኝ ነበር። እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

ጋሼ ከስቱዲዮው ትልቅ ካሜራ ሌላ፣ ለነፍሳቸው የሚሏት አንዲት ትንሽ ካሜራ ነበረቻቸው። በዚህች ካሜራ የሚያይ ሰው በሌንሱ ውስጥ አያይም፤ ከጎን ባለች ትንሽ መስኮት ነው የሚያየው። መስኮቷ መሐል ላይ አንዱን ሰው ሁለት አድርጋ ታሳየዋለች፤ አንዱ ራሱ፣ ሌላው ደብዘዝ ያለ ጥላው። የሌንሱን ቀለበት ሲያዞሩት ጥላው ወደ ባለቤቱ ይጠጋል። ሁለቱ ሲገጥሙ ፎቶው ጥርት ይላል ማለት ነው። «ትዳርም እንደዚሁ ነው፤ እስኪገጥም ማዞር ነው» ይላሉ ጋሼ። ሌንሱ ራሱ ምን እንዳየ ግን ፊልሙ እስኪታጠብ ድረስ የሚያውቅ የለም። መስኮቷን ማመን ብቻ ነው።

አሁን ስለ ራሴ መናገር ይኖርብኛል።

እትዬ ከመታመሟ አራት ወር ቀደም ብሎ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሼ ወረቀት ሊገዙ እንደ ወጡ ጠረጴዛቸውን ልወለውል ካሜራዋን አነሣሁ። የማንገቻዋ ጠፍር የወንበሩን ክንድ ያዘው። እኔ ሳብ አደረግኩ። ካሜራዋ ከእጄ አምልጣ ከነቆዳ ልብሷ ሲሚንቶው ላይ አረፈች። ድምፁ ብዙ አልነበረም፤ መጽሐፍ የወደቀ ያህል ነው። አንሥቼ ገልብጬ አየኋት። አልተሰበረችም፣ አልተጫረችም። ቁልፏን ብጫነው ጠቅ አለች። በመስኮቷ ባይ ሁለቱ ምስሎች ይገጥማሉ። ቦታዋ መለስኳት። ጋሼ ሲመለሱ ብነግራቸው አይቆጡኝም ነበር፤ «አይዞሽ» ነበር የሚሉኝ። ምናልባት የከበደኝ ያ «አይዞሽ» ይሆናል። ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ነገ ደግሞ የታጠበው ፊልም ጥርት ብሎ ወጣ፤ ከነገ ወዲያም እንዲሁ። ነገሩ ከእኔው ከራሴ ልብ ወጣ።

ከዚያ የእትዬ ሳንባ ታመመ። ሐኪሙ ጋሼን ወደ ኮሪደር ጠርቶ አነጋገራቸው። ሲመለሱ ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያዞሩ ነበር፤ የካሜራ ቀለበት እንደሚያዞሩት። እትዬ ወደ ቤቷ ተመለሰችና አልጋዋ ከመስኮቱ ሥር ተዘረጋላት። መስኮቱ የጎረቤትን ግድግዳ ነው የሚያየው፤ ብርሃኑ ከግድግዳው ነጥሮ፣ ተጣርቶ፣ ሲደርስ ደክሞት ነው የሚገባው።

አንድ ቀን ምሳ ስንበላ ጋሼ እጃቸውን ከሳህኑ አነሡና፣ «እርሳሴ፣ ሃያ አራት ዓመት ፎቶ አንሺ ባል ነበራት። የራሷ ዓይን ያለበት አንድ ፎቶ የላትም» አሉ። 

በዚያው ሳምንት በትንሿ ካሜራ ያለ ፍላሽ ሞከሩ። አሮጌው ሌንስ አፉ ጠባብ ስለሆነ በዚያ ደካማ ብርሃን የካሜራዋ መዝጊያ ረዘም ላለ ጊዜ ተከፍቶ መቆየት ነበረበት። እትዬ ትስላለች፤ ሳትስል ደግሞ ትንፋሿ ትከሻዋን ያነሣዋል። ስድስት ፎቶ አነሡ፤ ስድስቱም ጭስ ሆኑ።

ከስቱዲዮው ጋር ግድግዳ ተጋርቶ የሚሠራ አንድ ሰዓት ሠሪ ነበር፤ ካሜራም ይጠግናል። ሰፈሩ ዘግይቶ ይለዋል። የሰውን ሁሉ ሰዓት እያቃና ራሱ አንድ ቀን በሰዓቱ ተገኝቶ አያውቅም። ጋሼ ወደ እሱ ሱቅ ሲገቡ እኔም የታረመ ፎቶ ይዤ ተከትያቸው በሩ ላይ ቆምኩ።

«አንተ፣ ፈጣን ሌንስ እፈልጋለሁ።»

«ምነው ጋሽዬ፣ የት ሊደርሱበት ነው?» አለ፤ ከዓይኑ ላይ ማጉያውን ሳያነሣ። ፈጣን የሚባለው የሚሮጥ ሆኖ አይደለም። አፉ ሰፊ ነው፤ በትንሽ ብርሃን ቶሎ ይጠግባል።

«ቀልዱን ተወው። እትዬህን ላነሣት ነው።»

ዘግይቶ ማጉያውን አወለቀ። «ይቅርብዎት። ከባድ ነው፣ ውድ ነው፣ ደግሞም አመለኛ ነው። አፉን ሲከፍት ጥርት ብሎ የሚታየው የአንድ ጣት ውፍረት ያህል ነው። ዓይኗን ቢይዙ ጆሮዋን ይለቃሉ።»

«ጆሮዋን ምን ያደርግልኛል? የጆሮዋ ፎቶ ሞልቶኛል።»

«በዓመት ሁለት ቀን ለሚሠሩበት ዕቃ . . .»

«አንድ ቀን ይበቃኛል» አሉት።

ዘግይቶ ማጉያውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ከዚያ፣ ሥራ ያቆመ አንድ ፎቶ አንሺ እንዲህ ያለ ሌንስ እንዳለው ነገራቸው።

ጋሼ የስቱዲዮውን ሁለት ትልልቅ መብራቶች ሰጥተው ሌንሱን ለወጡት። መብራቶቹ ሲወጡ እኔ በሩን ይዤ ነበር። ሌንሱ ሲመጣ የእፍኝ ሙሉ ብርጭቆ ነው፤ ወደ ውስጡ ሲያዩት ጉድጓድ ውኃ ይመስላል። ጋሼ ካሜራዋ ላይ ገጥመውት ለዘግይቶ አሳዩት። ዘግይቶ መዝኖ፣ አገላብጦ፣ መልሶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ሁለት ቀን ይተዉልኝና ልመርምራቸው። አሮጌው ሌንስ ለካሜራዋ እናት ነው፤ ጥፋቷን ይሸፍንላታል። ይኼኛው ግን እንጀራ እናት ነው። መስኮቷ ፀጉር ታህል ብትዛነፍ ያጋልጣታል።»

«የአንተን ሁለት ቀን አውቀዋለሁ፤ ሁለት ወር ነው። እኔ ጊዜ የለኝም።»

«እንግዲያው ይንገሩኝ፤ ወድቃ ታውቃለች?»

«የኔ ካሜራ?» ጋሼ ተሰደቡ መሰላቸው። «አንተ ሰውዬ! ከእጄ ወድቃ አታውቅም።»

እኔ እዚያው ቆሜአለሁ። ነገሩ ምላሴ ላይ መጣ። እትዬ እስክትታመም አራት ወር ሙሉ ያነሱት ሁሉ ጥርት ብሎ ወጥቷል፤ ምን ትሆናለች አልኩ። አሮጌው ሌንስ ጥፋት ይሸፍናል ሲል ግን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሰምቼ አልሰማሁም። ጋሼ ካሜራቸውን አንገታቸው ላይ አጥልቀው ሲወጡ መንገድ ለቀቅኩላቸው።

በማግስቱ ቀትር ላይ ብርሃኑ ደኅና ነበር። እትዬን በሦስት ትራስ ደግፈን አስቀመጥናት፤ ፀጉሯን እኔ አበጠርኩት። የልብስ ሰፊ እጅ ነበራትና ባዶ መሆን አያውቅበትም፤ «እጄን ባዶውን አታንሣኝ» አለች። መርፌና ክር ሰጠናት፣ ሰማያዊ ክር። ጣቷ ላይ የብረት ቆቧን አደረገች። ጋሼ ከአልጋው ግርጌ ተንበርክከው በመስኮቷ ማየት ጀመሩ።

«አትነቃነቂ።»

«ሃያ አራት ዓመት ስትለምነኝ ኖርክ» አለች፤ ትንፋሿን ሰብስባ። «ይኸው፣ ዛሬ እሺ አልኩህ።»

እኔ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ጋሼ ግን ሳቁ፤ እየሳቁ ቀለበቱን አዞሩ፣ እየሳቁ ጠቅ አደረጉ። ፍላሽ የለ፣ ቦግታ የለ። እትዬ አልጨፈነችም። መርፌውን ከፍ አድርጋ ክሩን ልታስገባ ቀና አለችና፣ ከክሩ በላይ ባሏን አየቻቸው።

«አነሣኸኝ እንዴ? ምንም አልሰማሁም።»

«አነሣሁሽ።»

«ዓይኔስ?»

«ተከፍቷል» አሉ ጋሼ።  «የኔ እመቤት፣ ወለል ብሎ ተከፍቷል።»

ፊልሙን እስኪጨርሱ አነሷት። ፊልሙን ግን አላጠቡትም። ሄደው እንዲያጥቡት ብነግራቸው፣ «ፊልም ይጠብቃል» አሉኝ፤ ወንበራቸውን ወደ አልጋዋ አስጠግተው ተቀመጡ። ያን ቀን ቢታጠብ ኖሮ . . . ይህን ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። እትዬ በስድስተኛው ቀን፣ ጋሼ ውኃ ሊያመጡላት ብድግ ባሉበት ቅጽበት ዐረፈች።

ሐዘንተኛው ሁሉ ከተበተነ በኋላ ጋሼ ወደ ጨለማው ክፍል ገቡ፤ እኔንም ጠሩኝ። በቀዩ መብራት ሥር ነጩን ወረቀት ከሣህኑ ውኃ ውስጥ ነከሩት። መጀመሪያ የጣቷ ቆብ ወጣ፤ በላዩ ያሉት ጥቃቅን ጉድጓዶች አንድ ባንድ ይቆጠራሉ። ከዚያ መርፌው፤ ከዚያ ክሩ ከነጭረቱ። ጣቶቿ፣ የጥፍሯ ስንጥቅ። «መጣች» አሉ ጋሼ፤ ክንዴን ያዙኝ። ቀጥሎ ፊቷ መጣ። ጉም የያዘው መስታወት ጀርባ እንደ ቆመ ሰው ነበር። ዓይኖቿ ባሉበት ሁለት ጥላ አለ፤ መከፈታቸው ይታወቃል፤ የሚያዩት ግን አይታወቅም።

ሌላ አተሙ። ሌላም። በሁሉም እጇ የተሳለ ያህል ጥርት ብሏል፤ ፊቷ የለም።

«ላርመው?» አልኩ።  «ዓይኗን በልቤ አውቀዋለሁ፤ ልሣልልዎት።»

«አይሆንም» አሉ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ከረረብኝ። «ያንቺ ይበቃኛል። ቢደበዝዝም የራሷ ይሁን።»

ያን ጊዜ ልናገር ይገባኝ ነበር። አልተናገርኩም።

መጀመሪያ ሌንሱን ወቀሱ። ወጣት ፎቶ አንሺዎች ምክር ሊጠይቁ ሲመጡ ግድግዳው ላይ የሰቀሉትን ያንኑ ፎቶ እያሳዩ፣ «ፈጣን ሌንስ አትግዙ። የሚሰጣችሁን ብርሃን በሌላ በኩል ያስከፍላችኋል» ይሏቸው ነበር። እየቆየ ግን ወቀሳው ወደ ራሳቸው ዞረ። አንድ ጠዋት መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን እያሹ፣ «ሌንስ ምን በወጣው፤ ሁለቱን ምስሎች ያላገጣጠምኩት እኔ ነኝ። ዓይኔ ከድቶኝ ኖሯል፤ እሷ አንድ ጊዜ ዓይኗን ብትከፍት የኔው ጨፈነ» አሉ። ከዚያ በኋላ ሰው ማንሣት ተዉ። ለመታወቂያ የመጣውን ሁሉ፣ «ሌላ ቦታ ሂድ ልጄ፣ አላይም» ብለው ይመልሱታል። ጥቁሩ ኮት ምስማሩ ላይ አቧራ ጠጣ። ትንሿንም ካሜራ ከነሌንሱ ለዘግይቶ ሰጡት፤ «ጠርገህ ለሚያይባት ሰው ስጣት» ብለው። በሳምንት ጨርሼ እነግርዎታለሁ ብሎ ወስዶ በስምንት ወሩ መጣ።

ሲመጣ እየሮጠ ነው፤ ዘግይቶ ሲሮጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ካሜራዋንና ሁለት ፎቶዎች ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋ። ሁለቱም በሰያፍ የተቀመጠ ጋዜጣ ያሳያሉ።

«ጋሽዬ፣ ይኼንን ይመልከቱ። በሁለቱም ቀይ ያሰመርኩበት መስመር ላይ ነው ያገጣጠምኩት። ይኼ ሳልጠግናት ነው፤ መስመሩ ደብዝዞ ከፊቱ ያለው ነው የጠራው። ይኼ ከጠገንኳት በኋላ ነው፤ ፊደሉን ይቁጠሩት! ሌንሱ ንጹሕ ነው። እንዲህ ያለ ሌንስ በእጄ ገብቶ አያውቅም።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ካሜራዋ ናት። ከውስጥ አንዲት ብሎን ተዛንፋ። እርስዎ የእትዬን ዓይን ሲይዙ ካሜራዋ አንድ ስንዝር ወደዚህ ቀርታ እጇን ትይዛለች።»

ጋሼ ሁለቱን ፎቶዎች አቀረቡ፣ አራቁ። «ዓይኔ አይደለም?»

«ዓይንዎ ምን አለው!»

ጋሼ ሳቁ። ከዚያች ቀትር ወዲህ ሲስቁ አልሰማሁም ነበር። «እርሳሴ፣ ሰማሽ? ገጥመው ነበር እኮ! ገጥመው እንደነበረ በዓይኔ አይቻለሁ!» እንባቸው በአፍንጫቸው ጎን ሲወርድ አልጠረጉትም።

«ብሎኗ ግን በራሷ አትዛነፍም» አለ ዘግይቶ፤ ክፋት የለውም፣ የሥራ ነገር ሆኖበት ነው። «ወድቃለች።»

«እኔ ጥያት አላውቅም።»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ሁለቱም ዞሩ። ተናገርኩ፤ ስለ ጠፍሩ፣ ስለ ወንበሩ ክንድ፣ ስለ ሲሚንቶው፣ ነገ እነግራቸዋለሁ ስላልኩት። ጋሼ እስክጨርስ አላቋረጡኝም። ደንበኛ ሲያነሡ እንደሚያደርጉት ጭንቅላታቸውን ትንሽ ዘንበል አድርገው አዳመጡኝ።

«ይኼ ሰው፣ ‹ወድቃ ታውቃለች?› ብሎ ሲጠይቀኝ» አሉ ቀስ ብለው፤ «አንቺ የት ነበርሽ?»

«በሩ ላይ፤ ከኋላዎ።»

ዘግይቶ የእጅ ሰዓቱን አየ፤ ምን ሊያይ እንደሆነ እሱም አያውቀውም። ጋሼ የሌንሱን ክዳን ከጠረጴዛው አንሥተው ሌንሱን ከደኑት። ካርቶን የተደረገለትን ወንበር አልፈው፣ በግድግዳው ላይ ካለው ፎቶ ፊት ትንሽ ቆሙ፤ ከመርፌው፣ ከሰማያዊው ክር፣ ከዚያ ጉም ፊት። ለመንገድ ማዶ ሱቅ እንኳ ሲወጡ «እርሳሴ፣ መጣሁ» ሳይሉኝ ወጥተው አያውቁም። እጃቸውን ወደ በሩ ጀርባ ሰደዱ። የያዙት እዚያው የተሰቀለውን የራሳቸውን ካፖርት አልነበረም። አቧራውን ሳያራግፉ የደንበኞቹን ጥቁር ኮት እንደ እንግዳ ሰው ለበሱና፣ «መጣሁ» ሳይሉኝ ወጡ።